በጥቅምት የመጣች እናት

እማማ ሴቫስቲ ከአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ ያለችው ዳርዊን የገቡት በጥቅምት ነው። ይህን የሰማ የከተማው ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እንኳን ደህና መጡ» ይላቸዋል፣ ቀጥሎ «መቼ ገቡ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ መልሱን ሲሰማ ደግሞ ዓይኑን ሰብሮ ጫማውን ያያል። እሳቸውም አስተውለውታል። ስለ ለበሱት ከል ያዘኑላቸው መስሏቸው «አይ፣ ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለምጄዋለሁ» እያሉ መልሰው ሰዉን ያጽናኑ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከሜልቦርን ሲነሡ ደቡቡን ገና ብርዱ አልለቀቀውም ነበርና የሱፍ ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ ተሳፈሩ። የሱፍ ቀሚስ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ሻሽ፣ ሁሉም ጥቁር። ዳርዊን ላይ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የፈላ ድስት ክዳን ፊታቸው ላይ የተነሣ መሰላቸው። አስተናጋጇ «ካፖርቱን ልያዝልዎት እማማ?» ብትላቸው፣ «ምነው፣ አማረሽ?» አሏት። ደግ ሴት ነበሩ ብዬ አላታልላችሁም፤ ምላሳቸው ማንንም አይምርም።

ልጃቸው ቴሜሊና ግን ደግ ትመስል ነበር። አበባ ይዛ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ ጠበቀቻቸው፤ አቅፋቸውም አለቀሰች። «እማዬ! ከእንግዲህ ከእኔ አትለዪም!» ስትል ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። የግሪኳ የካሊምኖስ ደሴት ሰዎች የትም አገር ቢሰደዱ አንድ ልማድ አይጥሉም፤ የእናት ቤት የበኩር ሴት ልጅ ነው። ልጅቷ ስታገባ ወላጆቿ ቁልፉን አስረክበው ወደ ጓሮ ክፍል ወይም ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። እማማ ሴቫስቲም ሜልቦርን ላይ ይህንኑ አደረጉ። ቤታቸውን ለቴሜሊና ሰጥተው ከባላቸው ከኖሚኮስ ጋር ጓሮ ገቡ። ቴሜሊና ግንበኛ ባሏን ድሮሶስን ተከትላ ወደ ሰሜን ስትሄድ ቤቱን አከራየችው፤ ሽማግሌዎቹ ጓሮ ቀሩ። ኖሚኮስ ሞተ። ዘንድሮ ደግሞ ቴሜሊና ቤቱን ሸጠችው። ዘመዶች «እናቷን ሜዳ ላይ ልትጥል ነው» እያሉ ማማት ሲጀምሩ፣ «ማን አለ? እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው» አለች።

ከእሷ ጋር ማለት ከቤቷ ሥር ማለት ነበር። የዳርዊን ቤት በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ ሰው ላይ ይኖራል፣ ሥሩ ለመኪና፣ ለልብስ ማጠቢያና ለነፋስ ይተዋል። ቴሜሊና በዚያ ሥር በብሎኬት የታጠረች አንዲት ክፍል አለቻት። አልጋ አላት፣ የማርያም ሥዕል አላት፣ ጣሪያዋ ላይ ቬንቲሌተር አላት። ቬንቲሌተሩ አይዞርም።

«ድሮሶስ ነገ ይሠራዋል» አለች ቴሜሊና። ድሮሶስ የከተማውን ግማሽ የገነባ ሰው ነው፤ ለዚያ ቬንቲሌተር ግን ነገ አልመጣለትም።

ወቅቱ «ክምችቱ» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ባሕሩ ላይ ይከመራል፣ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ «ዛሬስ» ይላል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ሳይጥል ይበተናል። በማግስቱም እንዲሁ። ሰማዩ ያምጣል እንጂ አይወልድም። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ጨው በጨው ዕቃው ውስጥ ይሟሟል፣ ባልና ሚስት በሻይ ማንኪያ ይጣላሉ። በዚያ ሰሞን ሰው ሲቀውስ «ማንጎው ደረሰበት» እንላለን፤ ማንጎው የሚበስለው ያን ጊዜ ነውና።

እማማ ሴቫስቲ ደግሞ ሙቀት አውቃለሁ ባይ ናቸው። በደሴታቸው ጨዋ ባለትዳር ጠዋት ተነሥታ መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች፣ መጋረጃውን ትጋርዳለች፣ ፀሐይዋን ውጭ አስቀርታ በጨለማው ቤት ቀዝቀዝ ብሏት ትውላለች። የደሴቱ ሙቀት ደረቅ ነውና ይሆንላታል። ዳርዊን ላይ መስኮት የዘጋ ሰው ግን ራሱን በእንፋሎት ቀቀለ ማለት ነው። እዚህ መስኮት የሚባለው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ መስታወት ነው፤ ቀንም ሌትም ተከፍቶ ነፋሱን ያሳልፋል። እማማ ሴቫስቲ በመጡ በማግስቱ እነዚያን መስታወቶች አንድ በአንድ ገጠሟቸው፤ ክፍተቱንም በጋዜጣ ጠቀጠቁት።

ቴሜሊና ልብስ ልታጥብ ወርዳ አየች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«አበጀሁ አይደል?» አሏት እናቷ።

«አንቺ ታውቂያለሽ እማዬ፤ ሙቀት ያደግሽበት አይደል» አለች። ልብሷን አጥባ ወጣች።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ ካፖርቱ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ጫማቸው ጸጉር አበቀለ። የኖሚኮስ ፎቶ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ የሟቹ ጺም ጠፋ። እሳቸውም ከሱፉ ሥር ቆዳቸው በሽፍታ ተሞልቶ ሌሊቱን ሲያክኩ ያድራሉ። ላይኛው ቤት ኤሲ አለ፤ ነገር ግን በወጡ ቁጥር ቴሜሊና «እማዬ፣ ይሄ ነገር ላንቺ አይሆንም፣ ብርድ ይመታሻል» ትላለች። ብርድ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሜሊና ምሳ ጠራች። ቄሱ አባ ሳኬላሪስ መጡ። ጎረቤታቸው እትዬ ፖቲቲም ከምራታቸው ጋር መጡ፤ ፖቲቲ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከጥርሳቸው ጥቂቱ የቀረ፣ ዳርዊን ላይ ያረጁ የደሴቱ ሴት ናቸው። የቴሜሊና የበኩር ልጅ ሴቪም ነበረች። ስሟ የአያቷ ነው፣ ሴቫስቲ፤ ሴቪ የሚሏት ለማሳጠር ነው። ሆስፒታል ነርስ ሆና ትሠራለች፣ ቀለበት አስራለች፣ ሰርጓ ሰኔ ላይ ነው። የምሳው ወሬም ይኸው ሰርግ ነበር።

እማማ ሴቫስቲ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ያ ክፍል ገሃነም ነው» አሏት።

ቴሜሊና ሹካዋን አስቀመጠች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ ግን ከዚያም ይፈጥናል። «አያችሁ? አባታችን፣ ይመልከቱልኝ! እኔ ልጦራት አመጣኋት፣ አገሩ አልሆናት አለ። ሜልቦርን የአረጋውያን ቤት አለ፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ የእኛው ሰዎች ያሉበት...»

«የአረጋውያን ቤት?» አሉ እማማ ሴቫስቲ። «እኔን?»

«ካልቻልሽው ነው እማዬ! ከቻልሽውማ ማን ይነካሻል? የመጀመሪያውን ዝናብ እዚህ ሆነሽ ካየሽ ያቺ ክፍል እስክትሞቺ ያንቺ ናት። ይኸው በአባታችን ፊት ማልኩ።»

«መልካም ቃል ነው» አሉ አባ ሳኬላሪስ፣ የበግ ጥብሱን እየቆረጡ።

እማማ ሴቫስቲ ያንን ቤት ያውቁታል። ሁለት ጓደኞቻቸው ገብተውበታል፤ በእግሩ የወጣ አንድም ሰው አያውቁም። ቀጥ ብለው ቆሙና «ዝናቡንማ አያለሁ። አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትቀልጪው» አሉ። ከዚያ ወደ ምድጃቸው ወረዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ ፖቲቲ በከዘራቸው በሩን ደበደቡት። ገቡና አንድም ቃል ሳይናገሩ ጋዜጣውን ከመስኮቱ ይነቅሉ ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ! ፀሐይ ይገባል!» ጮኹ እማማ ሴቫስቲ።

«ይግባ፤ ነፋስም አብሮት ይገባል። ምነው መቃብር ውስጥ ተቀመጥሽ?» መስታወቶቹን ቋ ቋ እያደረጉ ከፈቷቸው። «ለመሆኑ ማነው በጥቅምት ያመጣሽ?»

«ልጄ ናታ። ምነው ሁላችሁም ጥቅምት ጥቅምት ትሉኛላችሁ?»

ፖቲቲ አልጋው ላይ ዘፍ አሉ። «ስሚኝ ሴቫስቲ። እዚህ ከተማ የምንወደውን ሰው የምናመጣው በሰኔ ነው። በሰኔ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላ ትደርቢያለሽ። ሰውየው አገሩን ይወድዳል፣ ወዳጅ ያፈራል፣ ክምችቱ ሲመጣ ለምዶ ይጠብቀዋል። በጥቅምት የሚመጣ እንዲሄድ የተፈለገ ነው።»

«ማን አለሽ ደግሞ ይሄን?»

«ማንም አላለኝ። አማቴን በኅዳር አስመጣኋታ!» ፖቲቲ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለገና እንኳ አልቆየችም።»

«እኔ ምን አደረግኳት? ቤቴን የሰጠኋት እኮ ነኝ!»

«ሰጥተሽ ጨርሰሻላ፤ ምን ቀረሽ ታዲያ? ንገሪኝ፣ ሴቪ መቼ ነው የምታገባው?»

«በሰኔ።»

«ስታገባ ላይኛው ቤት የማን ነው?»

«የሴቪ። ልማዳችን አይደል።»

«ቴሜሊናና ድሮሶስስ የት ይወርዳሉ?»

እማማ ሴቫስቲ ከጎናቸው ቁጭ አሉ። የተቀመጡበትን ፍራሽ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያም «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አሉ ቀስ ብለው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ልባቸው ተሰበረ። የተሰበረ ልብ ግን አንዳንዱን ያስተኛል፣ አንዳንዱን ያስነሣል፤ እሳቸውን አስነሣቸው።

«ምን ላድርግ?» አሉ።

«መጀመሪያ ይህን የበግ ቆዳ አውልቂ።»

«ለባሌ የለበስኩትን ከል?»

«ባልሽ ሞቷል። አንተን ተከትዬ ልምጣ ብለሽ ከሆነ ልበሺው።»

ያን ቀን ማታ እማማ ሴቫስቲ ጺም የሌለውን ፎቶ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። «ኖሚኮስ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። «አንተ ብትሆን ገና ድሮ ታወልቀው ነበር፤ ሙቀት አትችልም።» ከሉን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ፖቲቲ የሰጧቸውን ባለአበባ ስስ የጥጥ ሽርጥ ደረታቸው ላይ አገለደሙ። ነፋሱ በብብታቸው ሲገባ ልክ እንደ ልጅነታቸው ሳቅ አመለጣቸው፤ በሳቃቸውም አፈሩ።

ከዚያ ወዲያ ሴትየዋን ማን ይቻላቸው! ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ ምሰሶዎቹ መካከል ነፋሱ በሚያልፍበት ወንበራቸውን ይዘረጋሉ፣ አንገታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርጋሉ። ፖቲቲ ጸጉራቸውን እስከ ጆሯቸው ቆረጡላቸው። ማንጎ ሲበሉ እንደ አገሬው ጎንበስ ብለው ጭማቂውን መሬት ላይ ያፈስሱታል። ሽፍታው ጠፋ፤ እንቅልፍ መጣ። መንገደኛውን ከአጥሩ ሥር እየጠሩ መተረብ ጀመሩ። ሴቪ ከሥራ ስትመለስ አጠገባቸው ትቀመጥና አብረው ደመናውን ይሳደቡታል። ላይ ደግሞ በሩን ዘግታ ኤሲ ውስጥ የምትውለው ቴሜሊና ገረጣች፣ ጉንፋን ያዛት።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ ቁልቁል አየቻቸው። «እማዬ፣ ከልሽስ?»

«ሻገተ።»

«ጸጉርሽስ?»

«እሱም ሊሻግት ሲል ደረስኩበት። ነይ አንቺም ጎንሽን ነፋስ ይምታው፤ ዓሣ መስለሻል።»

ቴሜሊና አልተቆጣችም። ቆም ብላ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፣ ፈገግ አለች፣ ተመልሳ ገባች። እማማ ሴቫስቲ የተሸነፈች መሰላቸው። ስለ ልጃቸው ብዙ ነገር ያውቁ ነበር፤ ያንን ፈገግታ ግን አላወቁትም።

ዝናቡ የመጣው በኅዳር ማለቂያ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነፋስ ቅጠሉን ጠረገው፤ ቀጥሎ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ወረደ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዳርዊን ላይ ቤት የሚቀመጥ የለም። የመንገዱ ሰው በሙሉ ወጣ። የፖስታ ቤቱ ሹም ሸሚዙን አውልቆ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጎርፉ ውስጥ ተንጋለሉ። ሰው የማያውቀውን ሰው አቀፈ። እማማ ሴቫስቲም ሽርጣቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ አጭር ጸጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ እጃቸውን ዘርግተው የደሴታቸውን ጭፈራ ዞሩ። «አየሁት! አየሁት!» እያሉ ወደ ላይ ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበላቸው። ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ቴሜሊና ከሰገነቱ በስልኳ ትቀርጻቸው ነበር።

በሳምንቱ እሑድ እነዚያው ሰዎች በዚያው ጠረጴዛ ተቀመጡ። እማማ ሴቫስቲ ሽርጣቸውን እንደ አገለደሙ ወጡ፤ ለዚያ ቀን ብለው በብረት ተኩሰውታል። «እንግዲህ ዝናቡን አይቻለሁ። አባቴ ምስክሬ ናቸው» አሉና ተቀመጡ።

ቴሜሊና ምንም ሳትናገር ስልኳን ለቄሱ አቀበለቻቸው። አባ ሳኬላሪስ አዩ። ስልኩ ውስጥ የፖስታ ቤቱ ሹም የለም፣ ዳይሬክተሩ የለም፣ መንገዱ የለም። ያለችው ጸጉሯን የተቆረጠች፣ ትከሻዋ የተራቆተ አንዲት አሮጊት ናት፤ ዝናብ ውስጥ ብቻዋን ትዞራለች፣ «አየሁት!» እያለች ወደ ሰማይ ትጮኻለች።

«ምኑን ነው ያየችው?» አሉ ቄሱ በሹክሹክታ።

«እሱን ማን ያውቃል አባታችን» አለች ቴሜሊና፣ እንባዋን እየጠረገች። «ሦስት ዓመት ከከል ያልወጣች ሴት! ሙቀቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣኋት።»

«ዝናቡን ነዋ ያየሁት!» አሉ እማማ ሴቫስቲ። «ሰው ሁሉ ወጥቶ አልነበር? ከሉን ያወለቅኩት ስለሚሞቅ ነው!»

«እኛስ አይሞቀንም ልጄ?» አሉ ቄሱ፣ ጥቁር ቀሚሳቸውን ወደ ኤሲው እያዞሩ።

«ማንጎው ደርሶባቸው ነው» አለች የፖቲቲ ምራት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነውና ማንንም አልገረመም። እማማ ሴቫስቲ ጠረጴዛውን መትተው ተነሡ። ቴሜሊና «አያችሁ?» አለች። ደንግጠው ዝም አሉ። ቴሜሊና «አያችሁ፣ ደግሞ እንዲህ ትፈዛለች» አለች። ቢጮኹ እብድ፣ ዝም ቢሉ ፈዛዛ፤ መውጫ የለውም።

ወደ ፖቲቲ ዞሩ። «አንቺ እንኳ ንገሪያቸው! ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ፖቲቲ አፋቸው ኬክ ሞልቶ ነበር። የምትጦራቸው ምራታቸው ጎናቸው ተቀምጣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ ታዞራለች። አሮጊቷ ቁልፉን አዩት፣ ኬካቸውን ዋጡ። «እኔ ምን አውቄ፤ አሮጊት ነኝ» አሉ። ዝም አይነቅዝም፤ ሰው ግን ያስበላል።

ሴቪ ያን ቀን እናቷን አየች፣ አያቷን አየች፣ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እማማ ሴቫስቲን ከሁሉም ያንገበገባቸው ይህ ነው። የልጅ ልጃቸው ዓይን ውስጥ ሐዘን ፈልገው ነበር። ያገኙት ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ በትኩረት የሚከታተል ዓይን ነው።

የገና በዓል ሳይደርስ ወሰዷቸው። ቴሜሊና የሱፉን ከል ከሣጥን አውጥታ፣ አራግፋ፣ በገዛ እጇ አለበሰቻቸው፤ ሜልቦርን የሚቀበሉት ዘመዶች እናቷን በክብር ማየት አለባቸው። ሻጋታው ይሸታል። መኪናውን ሴቪ ነዳች። ዝናቡ ቀን ከቀን ይዘንብ ስለነበር አየሩ ለስልሶ፣ እንቁራሪቱ በየቦዩ እየጮኸ፣ ከተማው ሣር በሣር ሆኖ ነበር። እማማ ሴቫስቲ ቢቆዩ ኖሮ ከዚህ ወዲያ ያለው ቀላል ይሆንላቸው ነበር፤ ከባዱን አልፈውት ነበርና።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቴሜሊና አቀፈቻቸው። «ለሰርጉ እናስመጣሻለን እማዬ፣ ለአንድ ሳምንት። ሰኔ ታያለሽ እንዴት ደስ እንደሚል።»

«አውቃለሁ» አሉ። ከእቅፏ ወጥተው ወደ ሴቪ ዞሩ፤ ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሚወዷት ልጅ ናት፤ ስማቸውን የተሸከመች። በልባቸው ሌላ የሚሰጡት ውርስ ፈልገው አጡ።

«ቤቱ ነገ ያንቺ ነው፣ ሴቪዬ» አሏት፣ ቴሜሊና እንድትሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እናትሽ ምድር ቤት ስትወርድ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ሰኔን ትደሰትበት። ክፍሏን ለልጅሽ የፈለግሽ ዕለት ጥቅምትን ጠብቂ። መስኮቱን ስትዘጋ ዝም በያት። ቬንቲሌተሩን ደግሞ አደራ፣ እንዳታስጠግኚው።»

ቴሜሊና ሳቀች። «ሰማሽ? ጭራሽ ለይቶላታል» አለችና ልጇም እንድትስቅ ወደ ሴቪ ዞረች።

ሴቪ አልሳቀችም። የአያቷን የካፖርት ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው። «እሺ እማማ» አለች።

ድሮሶስ ያን ቀን ከሥራ እንደ ተመለሰ ጫማውን ሳያወልቅ ምድር ቤት ተላከ። እስከ ማታ ድረስ ቬንቲሌተሩን ሲጠግን፣ ቴሜሊና መሰላሉን ይዛለት ቆማ ነበር።